ለተንቀሳቃሽ የሶላር ሳጥን ስንት አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃል?

ጥያቄ፦ በገዛ እጄ አንድ ተንቀሳቃሽ የሶላር ሳጥን ሠርቻለሁ። በውስጡ ውሃ የማይጨመርበት ባለ 12 ቮልት፣ 18 አምፔር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ፣ ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል መጥኖ ባትሪውን የሚሞላ ቻርጅ ኮንትሮለርና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ባለ 500 ዋት ኢንቨርተር አለ። 12ን በ18 ሳባዛ 216 ዋት-ሰዓት ስለመጣልኝ፣ 60 ዋት የሚወስደውን ላፕቶፔንና ባለ 10 ዋት አምፖሌን ሦስት ሰዓት ያህል ያሠራልኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ኢንቨርተሩ ይጮህና ይጠፋል። ባትሪው ተበላሽቶ ነው ወይስ ስሌቴ ተሳስቶ? ተመሳሳይ ባትሪ ልጨምርበት ወይስ የመኪና ባትሪ ልግዛ? በቀን የምፈልገው ላፕቶፑን 3 ሰዓት፣ አምፖሉን 5 ሰዓት ማሠራትና ሁለት ሞባይል ቻርጅ ማድረግ ነው።

መልስ፦ ማባዛትዎ ትክክል ነው፤ ያሳሳተዎት ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር በምን ሁኔታ እንደተለካ አለማወቅዎ ነው። የእንዲህ ያለ ባትሪ አቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልቅ በማድረግ ስለሆነ፣ 18 አምፔር-ሰዓት የሚሰጥዎት 0.9 አምፔር ብቻ ሲስቡበት ነው። እርስዎ ግን የዚህን ስምንት እጥፍ ያህል ይስባሉ። 70 ዋት የሚፈጁት ዕቃዎችዎ ኃይል የሚያገኙት በኢንቨርተሩ በኩል ነውና፣ በመለወጥ የሚባክነውና ኢንቨርተሩ በርቶ ለመቆየት ብቻ የሚበላው ሲደመር ከባትሪው የሚወጣው ወደ 90 ዋት ይጠጋል፤ ይህም በ12 ቮልት 7.5 አምፔር ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ በፍጥነት በተሳበ ቁጥር የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል። በዚህ ፍጥነት አዲስ ባትሪ እንኳ ከተጻፈበት ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም ወደ 12 አምፔር-ሰዓት ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይዘልቅም።

ተሟጦ እንዲያልቅ ማድረግም አይገባም። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከአቅሙ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ ከዚያ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ፣ በተለይም ሳይሞላ ከቆየ፣ ፕሌቶቹ (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ላይ የሚፈጠረው ሰልፌት እየጠነከረ ሄዶ አቅሙን ይቀንሰዋል። የእርስዎ ባትሪ በዚህ መንገድ ጥቂትም ቢሆን ሳይጎዳ አይቀርም።

ስለዚህ ከባትሪው ሳይሆን ከፍላጎትዎ እንነሣ። ላፕቶፑ 180፣ አምፖሉ 50፣ ሁለቱ ሞባይሎች 30 ዋት-ሰዓት ያህል ስለሚወስዱ ድምሩ 260 ይሆናል። (የላፕቶፑ ቻርጀር ላይ የተጻፈው 60 ዋት የመጨረሻው ከፍተኛ መጠን ነው፤ ሶኬት ላይ በሚሰካ የዋት መለኪያ ቢለኩት ከዚያ በጣም አንሶ ሊያገኙት ስለሚችሉ፣ ከመግዛትዎ በፊት እንዲለኩ አጥብቄ እመክራለሁ።) የሚባክነውን ስንጨምርበት ከባትሪው በቀን ወደ 300 ዋት-ሰዓት መውጣት አለበት።

በሊድ አሲድ ከሆነ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም 600 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ክብደቱም 15 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው የሊቲየም ባትሪ ከሆነ ግን ከአቅሙ 80 በመቶውን ያለ ስጋት መጠቀም ስለሚቻል፣ 300ን ለ0.8 ስናካፍል 375 ዋት-ሰዓት ይመጣል። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ 12.8 ስለሆነ 30 አምፔር-ሰዓት ይበቃል ማለት ነው፤ ክብደቱም 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በእጅ ለሚያዝ ሳጥን እኔ ያለ ማመንታት ሊቲየሙን እመርጣለሁ። ባትሪ በዕድሜ ብዛት አቅሙ ስለሚቀንስ ግን በ30 አይወሰኑ፤ 40 አምፔር-ሰዓት ቢያደርጉት ለዓመታት የሚቆይ ትርፍ ይኖርዎታል። ፀሐይ በማይወጣበት ቀንም መጠቀም ከፈለጉ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ይኖርብዎታል።

ሊቲየም ሲገዙ ከአምፔር-ሰዓቱ እኩል የሚመለከቱት ነገር በውስጡ ያለው፣ ከመጠን በላይ ሲሳብ ኃይል የሚያቋርጠው የመከላከያ ሰርኪዩት ስንት አምፔር እንደሚያሳልፍ ነው። የእርስዎ ኢንቨርተር 500 ዋቱን ሙሉ በሙሉ ቢሰጥ ወደ 50 አምፔር ስለሚስብ፣ ብዙ ትንንሽ ባትሪዎች ወዲያው ኃይል ያቋርጣሉ። ለእርስዎ ዕቃዎች ባለ 150 ዋት ኢንቨርተር ይበቃል፤ እርሱም የሚስበው ከ15 አምፔር ብዙም አይበልጥም፣ ያለ ሥራ በርቶ ሲቆይ የሚበላውም አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። አምፖሉንና ሞባይሎቹን ደግሞ ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ያሠሯቸው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ የሊቲየም ምርጫ እንዳለው ያረጋግጡ፤ የሙቀት መጠኑ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆንም ባትሪው እስኪሞቅ ድረስ ቻርጅ አያድርጉት። ባለ 100 ዋት ፓኔል በቀን 4 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ካገኘ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 315 ዋት-ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ የዕለት ፍጆታዎን ይመልሳል።

ተመሳሳይ ባትሪ መጨመሩን አልመክርም። ሁለቱ አንድ ላይ 36 አምፔር-ሰዓት ቢሆኑም ግማሹ 216 ዋት-ሰዓት ብቻ ስለሆነ አይበቃዎትም፤ በዚያ ላይ የተዳከመው ባትሪ አዲሱንም ይጎትተዋል። የመኪና ባትሪ ደግሞ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንዶች ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ነው፤ ፕሌቶቹ ስስ ስለሆኑ በየቀኑ ጠልቆ መሳብን አይችሉም። ሲሞላ ሊቀጣጠል የሚችል የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣም በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አደገኛ ነው።

የትኛውንም ባትሪ ቢመርጡ፣ ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ሳያስገቡ ሳጥኑን አይዝጉ። ለ150 ዋቱ ኢንቨርተር 20 አምፔር ፊውዝ ይሆናል፤ ሽቦውም ከዚያ በላይ የሚችል መሆን አለበት። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጥበቃ ስለሌለው በተቻለ መጠን ያሳጥሩት።

ጥያቄ፦ የእኔ ፓወር ባንክ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። ይህ 20 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ ከባለ 18 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበልጣል ማለት ነው?

መልስ፦ አይበልጥም። የፓወር ባንኩ ቁጥር የተሰላው በውስጡ ባሉት ሴሎች 3.7 ቮልት ስለሆነ፣ የያዘው 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባለ 12 ቮልቱ ግን 216 ነው። ቮልታቸው የሚለያይ ባትሪዎችን በአምፔር-ሰዓት ማወዳደር አይቻልም። ብዙ ፓወር ባንኮች ላይ ዋት-ሰዓቱ በትንንሽ ፊደላት ተጽፎ ይገኛል፤ በአውሮፕላን ውስጥ ለመያዝ በተለምዶ የሚጠየቀው የ100 ዋት-ሰዓት ገደብም የተቀመጠው በዚሁ መለኪያ ነው።