የመስኮት ልኬት ከየት ይነሣል?

ጥያቄ፦ ሬቪት በተባለው የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ባለ አንድ ወለል የመኖሪያ ቤት ንድፍ እየሠራሁ ነው። መስኮቶቹ በፕላኑ ላይ ትክክል ይመስላሉ፤ የፊት ገጽታውን ስከፍት ግን የሳሎኑና የወጥ ቤቱ መስኮቶች አናት አይገጥምም። ከጥግ 60 ሳንቲ ሜትር ብዬ ያስቀመጥኩት መስኮት ከግድግዳው ገጽ ሲለካ 50 ሆኖ ይገኛል። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ደግሞ በፕላኑ ላይ ጭራሽ አይታይም። ምን ባደርግ ይሻላል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሦስቱም ችግሮች የሚመነጩት ልኬቱ ከየት እንደሚነሣ አስቀድሞ ካለመወሰኑ ነው።

ከከፍታው እንጀምር። ሶፍትዌሩ መስኮቱን የሚያስቀምጠው የታች ደፉን ከሌቭሉ፣ ማለትም የወለሉን ከፍታ ከሚያመለክተው መስመር፣ ለክቶ ነው፤ በባሕርያት ሰሌዳው ላይ «ሲል ሃይት» የሚለው ይኸው ነው። ስለዚህ ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ የሳሎን መስኮትና 1.00 ሜትር የሆነ የወጥ ቤት መስኮት በእኩል የደፍ ከፍታ ላይ ካረፉ፣ አናታቸው በ20 ሳንቲ ሜትር መበላለጡ አይቀርም። በእኔ እምነት በመኖሪያ ቤት ውስጥ መገጣጠም ያለበት አናቱ ነው፤ ሊንተሉ (ከመስኮቱ አናት በላይ ያለው ተሸካሚ) ከበሩ ጋር በአንድ መስመር ይሄዳልና። «ሄድ ሃይት» (የአናት ከፍታ) በሚለው ቦታ ለሁሉም 2.10 ሜትር ይጻፉ፤ የሳሎኑ ደፍ 0.90፣ የወጥ ቤቱ ደግሞ 1.10 ሜትር ላይ ያርፋል፤ ይህም 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው የወጥ ቤት መደርደሪያ በላይ ስለሚሆን መስኮቱ ያለ ችግር ይከፈታል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ፦ ሌቭልዎ የተሰመረው በአርማታው ላይ ነው ወይስ በተጠናቀቀው ወለል ላይ? የወለሉ ንጣፍና ሴራሚኩ በአንድነት 6 ሳንቲ ሜትር ቢወስዱ፣ ከአርማታው 0.90 ተብሎ የተቀመጠው ደፍ ቤቱ ሲያልቅ 0.84 ይሆናል። ግንበኛው የሚነሣው ከአርማታው መሆኑንም አይርሱ። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሞርታር ጋር ሲደረደር አራተኛው ረድፍ በ84፣ አምስተኛው በ105 ሳንቲ ሜትር ያበቃል፤ በመካከል የሚያርፍ ደፍ ብሎኬት መቁረጥን ወይም በአርማታ መሙላትን ይጠይቃል። በአገራችን የብረትም ሆነ የአሉሚኒየም መስኮት ብዙውን ጊዜ በልክ ስለሚሠራ፣ የመስኮቱን ቁመት ከረድፉ ጋር ማስማማት ይቻላል።

ከጥግ በተለካው ርቀት ላይ የጎደለው 10 ሳንቲ ሜትር የ20 ሳንቲ ሜትሩ ግድግዳ እኩሌታ ነው። መስኮቱን ሲመርጡ የሚታየው ጊዜያዊ ልኬት ከግድግዳው መሐል መስመር እየተነሣ ነው ማለት ነው፤ በጊዜያዊ ልኬቶች ማስተካከያ ውስጥ ከግድግዳው ገጽ እንዲነሣ ያድርጉት። መስኮቱን በክፍሉ መሐል ለማድረግ ከፈለጉም ከአንዱ ግድግዳ የውስጥ ገጽ እስከ መስኮቱ መሐል፣ ከዚያም እስከ ሌላው ገጽ ልኬት ዘርግተው ርቀቶቹን እኩል የሚያደርገውን «ኢኪው» የሚለውን ይጫኑ፤ ግድግዳው በኋላ ቢንቀሳቀስ እንኳ መስኮቱ መሐሉን ይዞ ይከተላል።

የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት አልጠፋም። ፕላን ማለት በተወሰነ ከፍታ ላይ የተቆረጠ ሥዕል ነው፤ የእርስዎ ፕላን እንደተለመደው በ1.20 ሜትር ተቆርጦ ከሆነ፣ ደፉ 1.60 ላይ ያለ መስኮት ከመቁረጫው በላይ ይቀራል። በመታጠቢያ ቤቱ ዙሪያ ብቻ «ፕላን ሪጅን» (የራሱ መቁረጫ ከፍታ ያለው የፕላን ክፍል) ሠርተው መቁረጫውን ወደ 1.80 ከፍ ያድርጉ፤ የቀረው ፕላን አይነካም። መስኮቱ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ ግንበኛው እንዲያውቅም የደፉን ከፍታ ከጎኑ ይጻፉለት።