የሰብእና መዛባት «አለው» ወይስ «አለበት»?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ለሚኒ ሚዲያና ለግድግዳ የሚሆን የአእምሮ ጤና ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። አንዱ ባልደረባዬ «የስብዕና ቀውስ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላዋ «የባሕርይ ችግር» ይሻላል አለች፤ እኔ ደግሞ «የስብዕና መዛባት» የሚለውን አይቻለሁ። የትኛው ይሻላል? ዓይነቶቹንስ በአማርኛ ምን እንበላቸው? ጠዋት ሲስቅ ውሎ ማታ የሚያኮርፍን ሰው «ድርብ ስብዕና አለው» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ያዩት «የሰብእና መዛባት» ይሻላል። «ቀውስ»ን ግን ይተዉት። «የኢኮኖሚ ቀውስ» ስንል ድንገት የገባ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚወጣ ችግር ማለታችን ነው። በሰፈር አነጋገር ደግሞ «ቀወሰ» ማለት አበደ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ አንዱን «አንተ ቀውስ» ቢሉት ሙያዊ ቃል ነው ብሎ አያልፍዎትም። እርስዎ የሚጽፉለት ችግር ደግሞ ድንገተኛም እብደትም አይደለም። ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት መግቢያ ጀምሮ የሚታይ፣ ለዓመታት የሚዘልቅ፣ ቤትም ሥራም ቦታ የማይለወጥ አኳኋን ነው። ከአስተሳሰብ፣ ከስሜት፣ ከሰው ጋር ካለ ግንኙነትና ራስን ከመግታት ቢያንስ ሁለቱን ይነካል፤ ሰውየውን ያስጨንቃል ወይም ኑሮውን ያበላሻል። «መዛባት» ይህን ይሸከማል። ሰኞ ገበያ ላይ ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴ መመዘኑን አያቆምም፤ ችግሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ ነው።

«ባሕርይ» ከመጠን በላይ ሰፊ ነው፤ የውሃም የብረትም ባሕርይ አለ። «ጠባይ» ደግሞ ወቀሳ አለበት። «ጠባይ የለውም» ሲባል ስድ ነው፣ ወላጆቹ አልቀጡትም ማለት ነው። «ዐመል»ማ ይባስ፦ «ዐመል ያወጣል ከመሃል» እያልን ሰውየው ሊተወው ሲችል ያልተወው ነገር አድርገን እናየዋለን። በሦስቱም ቃላት ከጻፉ አንባቢው ገና ከርእሱ ይፈርዳል።

ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ላንሳ። ቃሉ ከግዕዙ «ሰብእ» የመጣ ስለሆነ «ሰብእና» መባሉ ሥሩን ይጠብቃል። «ሰብአዊ መብት»ም ከዚሁ ሥር ነው። «ስብዕና» ግን በሰፊው ስለተለመደ ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አለመቀላቀል ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ወደሚያልፈው ነጥብ ልምጣ። አማርኛ ሕመምን በ«አለበት» ይናገራል፦ ስኳር አለበት፣ ደም ግፊት አለበት። «አለው» የሀብት፣ የሙያ፣ የመልካም ነገር ነው። ስለዚህ «የሰብእና መዛባት አለበት» ይበሉ። ሰውን ከሕመሙ ጋር አንድ የሚያደርገው ግን «ነው» ነው። «እሱ ናርሲሲስት (ራሱን የሚያገን) ነው» በየስልኩ የሚዘዋወረው በዚህ መልክ ነው፤ ስኳር ያለበትን ሰው ግን «ስኳር ነው» አንልም። በ«ኛ» እና በ«ኣም» የሚጨርሱ ቃላትም እንዲሁ ያደናቅፋሉ። ጉረኛ፣ ነገረኛ፣ ቅናታም፣ ንዴታም ሁሉም ስድብ ናቸው፤ የሕመም ስም አድርገው ሊያቃኗቸው ቢሞክሩም ስድብነታቸው አይለቃቸውም።

እንግዲህ ለዓይነቶቹ ስም የማቀርብልዎ ቅርጽ በ«በት» የሚያልቅ ነው፦ «ጥርጣሬ የበዛበት የሰብእና መዛባት»። «የተጠራጣሪ ሰብእና መዛባት» ካሉ፣ ተጠራጣሪ የሆነ አንድ ሰው ሰብእናው ተዛባ ተብሎም ሊነበብ ይችላል። በ«በት» ያለው ቅርጽ ይህን ብዥታ ያጠፋል፤ ከ«አለበት» ጋርም ይስማማል።

የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አምስተኛው እትም (እ.ኤ.አ. 2013) አሥር ዓይነት በሦስት ጎራ ይዘረዝራል። በመጀመሪያው ጎራ ጥርጣሬ የበዛበት፣ ከሰው መነጠል የሚታይበትና ያልተለመደ አስተሳሰብ የሚታይበት አሉ። መነጠሉን በመጨረሻው ጎራ ካለው መሸማቀቅ ከበዛበት ጋር እንዳያምታቱት፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ዝምተኛ፣ ቡና ቢጠሩ የማይመጡ ናቸው። መነጠል የሚታይበት ማንም አይናፍቀውም። መሸማቀቅ የበዛበት ግን ሰው እየናፈቀው «ይንቁኛል፣ ይስቁብኛል» ብሎ ይሸሻል። ያልተለመደ አስተሳሰብ የሚታይበትን ስትጽፉ ደግሞ ለአካባቢያችን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩበት። ቡዳን የሚፈራ፣ ዛርን የሚያምን፣ ዱዓ ወይም ጠበል የሚሄድ ሰው በዚያ ብቻ መዛባት አለበት አይባልም። መለኪያው ሰውየው ከራሱ ማኅበረሰብ ልማድ መውጣቱ ነው።

ሁለተኛው ጎራ ለተርጓሚ አስቸጋሪ ነው። በእንግሊዝኛ ቦርደርላይን (ወሰን) የሚባለውን «የድንበር ሰብእና» የሚሉ አሉ፤ ለወሎ ገበሬ ይህ የማሳ ክርክር ነው። ስሙ ራሱ ካለፈበት ሐሳብ የቀረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 አዶልፍ ስተርን ሲጠቀምበት፣ በሁለት የአእምሮ ሕመም ወገኖች ወሰን ላይ ያሉ ታካሚዎችን ለማለት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አሥረኛው የበሽታዎች ምደባ በስሜት አለመርጋት ጠርቶታልና «ስሜት የማይረጋበት» ማለት መሠረት አለው። መተውን አጥብቆ መፍራት፣ ዛሬ መልአክ ያሉትን ሰው ነገ ሰይጣን ማለት፣ ውስጥን ባዶ ባዶ ማለት፣ ራስን መጉዳት ከምልክቶቹ ናቸው። ከዘጠኝ መለኪያዎች አምስቱ መሟላት አለባቸው። ራስን ማግነን ያየለበትም እንዲሁ ከዘጠኝ አምስት ይፈልጋል። ፎቶ የሚያበዛ ሁሉ አይገባበትም።

«ጸረ ማኅበራዊ» የሚለውን በጥንቃቄ ያዙት። ሰዉ ለቅሶና ሠርግ የማይደርስ ሰው ይመስለዋል። በሙያው ግን የሌላውን መብት ደጋግሞ መጣስ፣ ማታለል፣ ጸጸት ማጣት ነው። ስለዚህ «የሰውን መብት መጣስ የሚታይበት» ብሎ መተንተኑ ይሻላል። አራተኛው ትኩረት ፍለጋ የበዛበት ነው፤ «ድራማ ትሠራለች» የሚለው የሰፈር አባባል ግን ለግድግዳ አይሆንም።

ከመጨረሻው ጎራ ሁለቱን ላንሳ። «ጥገኛ» በትምህርት ቤት ጥገኛ ተሕዋስያንን ያስታውሳል፤ «በሌላው ላይ መንጠልጠል የበዛበት» በሉት። እስኪያገባ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር የደሴ ልጅ በዚህ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ያለሌላ ሰው ምክርና ማረጋገጫ የዕለት ውሳኔ እንኳ መወሰን የሚያቅተው ነው። «ፍጽምናና ቁጥጥር ያየለበት» ደግሞ እጅን ደጋግሞ ከሚያስታጥበው ሕመም የተለየ ነው። እጁን የሚታጠበው ሐሳቡ አልለቅ ብሎት ይሠቃያል፤ ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል እኔ ነኝ ይላል፣ የሚሠቃዩት አብረውት የሚሠሩት ናቸው።

«ድርብ ሰብእና» ከአሥሩ ውስጥ የለም። ቀድሞ በዚያ መሰል ስም ይታወቅ የነበረው ሕመም እ.ኤ.አ. በ1994 ስሙ ተለውጧል፤ የሚመደበውም የማስታወስና የማንነት መቆራረጥ ካለባቸው ሕመሞች ጋር ነው። ጠዋት ስቆ ማታ ለሚያኮርፍ ባልደረባ አማርኛችን «እንደ እስስት ይለዋወጣል» የሚል ቃል ካዘጋጀለት ቆይቷል፤ ሐኪም አያስፈልገውም።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው ምደባ የዓይነት ስሞቹን አብዛኛውን ትቶ መዛባቱን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ ይለካል። ጽሑፋችሁ አሥሩን ቢዘረዝር ይህንንም አንድ መስመር ስጡት።

ለተማሪ የሚለጠፍ ስለሆነ ግን ሁለት ነገር አይቅር። አንደኛ፣ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ የሰውን መብት መጣስ የሚታይበት መዛባት አለበት አይባልም፤ ሌሎቹም ቢሆኑ ምልክቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቆይ አይወሰኑም። ሁለተኛ፣ «የማይድን» የሚለውን ቃል አውጡት። በንግግር ሕክምና ብዙዎች፣ በተለይ ስሜት የማይረጋበት መዛባት ያለባቸው፣ በዓመታት ውስጥ ይሻላቸዋል። መዝጊያውን እንዲህ ብትጽፉት፦ «ከእነዚህ አንዱ አለብኝ ብለህ የምትሠጋ ከሆነ ስሙን ለራስህ አትስጥ፤ የሚያስጨንቅህን ነገር ለሥነ አእምሮ ባለሙያ ንገር።» «አትስጥ» እና «ንገር» ለወንድ ስለሆኑ ለሴት ተማሪዎች «አትስጪ» እና «ንገሪ» የሚል ሁለተኛ ቅጂ ይለጠፍ፤ ወይም ሁለቱንም በ«አትስጡ» እና «ንገሩ» ጠቅልሉት።