ፋብሪካው ሳይፈርስ ሥራው ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ለዓመታት ሲያድግ የቆየ ኢኮኖሚ፣ ፋብሪካውም ሠራተኛውም ባለበት እያለ፣ በድንገት የሚቀዛቀዘው ለምንድን ነው? ጦርነት ወይም ድርቅ ሳይኖር እንዲህ ሊሆን ይችላል? ጉዳቱስ የሚበረታው በማን ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ባጭር ጊዜ በአራት እጥፍ ገደማ ሲያሻቅብ እንደታየው ከውጭ የሚመጣ ዱብ ዕዳ ኢኮኖሚን እንደሚያናጋ ግልጽ ነው፤ የሚያስገርመው ግን ያለ ምንም ዱብ ዕዳ፣ ከዕድገቱ ከራሱ የሚወለደው ድቀት ነው።

100 ማሽኖች ያሉትና በየዓመቱ ያረጁ 10 ማሽኖችን የሚተካ ፋብሪካ አለ እንበል። የምርቱ ፈላጊ በ10 በመቶ ሲጨምር ፋብሪካው ከሚተካቸው ሌላ 10 ተጨማሪ ማሽኖች ስለሚያስፈልጉት ትዕዛዙ ወደ 20 ያድጋል። በቀጣዩ ዓመት ፍላጎቱ መቀነሱ ቀርቶ ባለበት ቢረጋ እንኳ ትዕዛዙ ተመልሶ ወደ 10 ይወርዳል። የፋብሪካው ሽያጭ ምንም ሳይጎድልበት የማሽን አምራቹ ገበያ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አምራቹ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት የተሰናበቱት ወጪያቸውን ይቀንሳሉ፤ የእነሱ ወጪ ደግሞ የሌላው ነጋዴ ገቢ ስለነበር መቀዛቀዙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። ኢንቨስትመንት ከፍጆታ ይልቅ እጅግ የሚዋዥቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን መዋዠቅ ወደ ቀውስ የሚያሸጋግረው፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ በላይ ብድር ነው። ገበያው ሲደራ የቤትና የመሬት ዋጋ ይወደዳል፤ በመያዣነት የተያዘው ንብረት ዋጋው ሲጨምር ባንኩ ይበልጥ ያበድራል፤ ብድሩም ዋጋውን መልሶ ያንረዋል። ዋጋው መውረድ ሲጀምር ይኸው ሰንሰለት ወደ ኋላ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የሆነው ይህ ነበር፤ የቤት ዋጋ አስቀድሞ መውረድ ጀምሮ ነበርና በሴፕቴምበር ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ባንክ ሲከስር ባንኮች እርስ በርስ ለመበዳደር እንኳ መተማመን አቃታቸው።

አንዳንዴ ደግሞ ድቀቱን የሚያመጣው፣ እያወቀ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር የነበሩት ፖል ቮልከር የዋጋ ንረትን ለመስበር ወለድ እስከ 20 በመቶ ገደማ እንዲወጣ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከ13 በመቶ በላይ የነበረው ንረት በ1983 ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ሥራ አጥነት ግን በ1982 መጨረሻ 10.8 በመቶ ደረሰ። ዋጋ መረጋጋቱ ለሁሉም የተረፈ ሲሆን ዕዳውን በዋናነት የከፈሉት ሥራቸውን ያጡት ናቸው።

ይህም ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ይወስደናል። የአገር ምርት በ3 በመቶ ቀነሰ ሲባል እያንዳንዱ ሰው 3 በመቶ አጣ ማለት አይደለም፤ ብዙው ምንም ሳይነካው ጥቂቱ ገቢውን በሙሉ ያጣል። ምግብ መግዛት ለነገ አይባልምና ቀድመው የሚመቱት፣ ሰዎች ግዢያቸውን ሊያቆዩባቸው የሚችሉት ዘርፎች፣ ማለትም የግንባታው፣ የመኪናውና የማሽነሪው ሠራተኞች ናቸው። በድቀት ወቅት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችም በደጉ ጊዜ ከተመረቁት ያነሰ ደመወዝ ይዘው ይጀምራሉ፤ ልዩነቱም ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይከተላቸዋል።

በዚያ ላይ ቀጣሪዎች የገበያውን ማገገም እስኪያምኑ ድረስ አዲስ ሰው ከመቅጠር ይልቅ ያሉትን ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት ማሠራት ስለሚመርጡ፣ ሥራ የሚመለሰው ከምርቱ ዘግይቶ ነው። ከ2008ቱ ቀውስ ጋር የተያያዘው የአሜሪካ ድቀት ያበቃው በጁን 2009 ሲሆን ሥራ አጥነት 10 በመቶ የደረሰው ከአራት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር ነበር።