«ብዙ ተምሬያለሁ» ብሎ መጻፍ ለምን አልጠቀመኝም?

ውድ ጠያቂ፣

የሦስተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ እንደሆኑ፣ የትምህርት ክፍልዎ በየሳምንቱ የተማራችሁትን መለስ ብላችሁ እያሰባችሁ አንድ ገጽ እንድትጽፉ እንደሚያዝና እርስዎም ይህን ሳያጓድሉ ቢፈጽሙም በውጤትዎ ላይ ለውጥ እንዳላዩ ጽፈውልናል። ከዚህ ይበልጥ ያሳዘነዎት ደግሞ ለኢንተርንሺፕ ባመለከቱበት ቦታ «ያልተሳካልዎትን አንድ ሥራና ከዚያ የተማሩትን ይንገሩን» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ማጣትዎ ነው። በመጨረሻም «መጻፉን ልተወው ወይስ አጻጻፌ ነው ችግሩ?» ብለው ጠይቀዋል።

መጻፉን አይተዉት፤ ችግሩ አጻጻፍዎ ላይ ነው። ከላኩልን ገጾች አንዱ «በዚህ ሳምንት ብዙ ቁም ነገር ተምሬያለሁ፤ ወደፊት የበለጠ ጠንክሬ እሠራለሁ» ይላል። ይህ አባባል ሐሰት የለበትም። ሆኖም በየትኛውም ሳምንት፣ ስለየትኛውም ትምህርት፣ በማንኛውም ተማሪ ሊጻፍ የሚችል በመሆኑ ከወር በኋላ ተመልሰው ቢያነቡት ስለ ራስዎ የሚነግርዎት አንዳች ነገር የለም። ጥረትዎንና ስሜትዎን መዝግበዋል፤ የቱን እንደቻሉና የቱ ላይ እንደተሰናከሉ ግን አልመዘገቡም።

ስሜትን ብቻ መመዝገብ የማይበቃው፣ «ገብቶኛል» የሚለው ስሜት ራሱ በቀላሉ ስለሚያሳስት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ካነበበ በኋላ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ እንዲጽፍ ተደርጎ ነበር። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ፣ ሌሎቹ 71 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ላይ ተገኙ። ለእርስዎ ጥያቄ ትልቁን ትርጉም የሚይዘው ሌላው ግኝት ነው፦ ጽሑፉን በደንብ እናስታውሰዋለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ስለዚህ አንድ ተማሪ መጽሐፉን እንደዘጋ ወዲያው «ብዙ ተምሬያለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመዘግበው ጽሑፉ ለዓይኑ የተለመደ መሆኑን ነው።

ከዚህ በመነሳት የምመክርዎ፣ ከማጥናትዎ በኋላ የተወሰነ ጊዜ አሳልፈው፣ ቢቻል በማግስቱ፣ ጥቂት ጥያቄዎችን ይዘው እንዲቀመጡ ነው። መሥራት ከመጀመርዎ በፊት ስንቱን በትክክል እንደሚሠሩ ግምትዎን በቁጥር ይጻፉ፤ ከዚያ ደብተርዎን ሳይገልጡ ይሥሩና ግምትዎን ከውጤቱ ጋር ያስተያዩ። ማስታወሻዎ መነሳት ያለበት በሁለቱ መካከል ከሚታየው ልዩነት ነው። ለምሳሌ ስለ ኮንዲሽናል ፕሮባቢሊቲ (አንድ ነገር መሆኑ ሲታወቅ ሌላው የመሆን ዕድል) እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ኮንዲሽናል ፕሮባቢሊቲ። ከአምስት ጥያቄ አራቱን እሠራለሁ ብዬ ገምቼ ሁለቱን ብቻ ሠራሁ። ሦስቱን የሳትኩት ፎርሙላው ጠፍቶኝ አይደለም። የታመመ ሰው ምርመራው ፖዘቲቭ የመሆኑን ዕድል፣ ምርመራው ፖዘቲቭ የሆነ ሰው የታመመ ከመሆኑ ዕድል ጋር አምታትቻለሁ። ነገ ማስላት ከመጀመሬ በፊት የተሰጠውንና የተጠየቀውን በራሴ ቃል እጽፋለሁ።»

ይህ ከአንድ ገጽ እጅግ ያንሳል፤ ለመጻፍም ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን በማግስቱ ሊሞከር የሚችል አንድ ለውጥ ይዟል፤ ለውጡ መሥራት አለመሥራቱም በሚቀጥሉት አምስት ጥያቄዎች ይታያል።

ከሁሉም ከባዱና ብዙ ተማሪዎች የሚያልፉት ክፍል የስህተቱን ምክንያት መለየት ነው። «ጥንቃቄ ስላጎደልኩ ነው» የሚለው ምክንያት በተለይ ያሳስበኛል፤ ምርመራውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋልና። ጉዳዩን ጨርሶ አለማወቅ፣ ማወቅ ግን በተፈለገ ጊዜ አለማስታወስ፣ ማስታወስ ግን ጥያቄው ያንን እንደሚፈልግ አለመለየት ሦስት የተለያዩ ችግሮች ሲሆኑ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ወደ መጽሐፉ ወይም ወደ መምህሩ መመለስን፣ ሁለተኛው በየጥቂት ቀኑ ሳያዩ ማስታወስን፣ ሦስተኛው የተለያዩ ዓይነት ጥያቄዎችን ቀላቅሎ መለማመድን ይጠይቃል። በላኩልን ገጾች ላይ «የበለጠ ጠንክሬ እሠራለሁ» የሚለው ውሳኔ ለሦስቱም መልስ ሆኖ ቀርቧል። ፎርሙላውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ፎርሙላ ቢሸመድድ ችግሩ ባለበት ይቆያል፤ ድካምዎ ፍሬ ያጣው በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ስህተትዎ ሲጽፉ ፍርዱ በሥራው ላይ እንጂ በማንነትዎ ላይ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። «ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» የሚል ዐረፍተ ነገር ነገ የሚሞከር ነገር አይሰጥም፤ ልብን ብቻ ይሰብራል።

ወደ ቃለ መጠይቁ ስመለስ፣ ቀጣሪዎች ያንን ጥያቄ የሚጠይቁት አመልካቹ የራሱን ሥራ መርምሮ አሠራሩን ማስተካከል ይችል እንደሆነ ለማየት ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ባለሙያዎች አሠራር ሲጽፍ፣ የበሰለ ባለሙያ ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን በሥራው መካከልም እያሰበ አካሄዱን እንደሚያስተካክል አሳይቷል፤ ቀጣሪ በጀማሪ ላይ የሚፈልገውም የዚህን ልማድ ጅማሬ ነው። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ለጥቂት ወራት ከያዙ፣ ምን እንደጠበቁ፣ ምን እንደሆነ፣ ምክንያቱን እንዴት እንደለዩና ምን ቀይረው ምን እንዳገኙ በእውነተኛ ዝርዝር መናገር ይችላሉ። በወር አንድ ጊዜ ገጾቹን በአንድነት ያንብቡ፤ አንዱ ምክንያት በተለያዩ ትምህርቶች ተደጋግሞ ከታየ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚሆነው ታሪክ እዚያ ላይ አለ።

አንድ ነገር ይቀራል። ለመምህር የሚቀርብና ማርክ የሚያዝበት ጽሑፍ ተማሪውን ድክመቱን እንዲሸፋፍን እንደሚገፋፋው አውቃለሁ፤ የእርስዎም ገጾች በደፈናው የተጻፉት በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የግል ማስታወሻዎን ለብቻው ይያዙና ከእርሱ አንዱን ምሳሌ መርጠው ለመምህርዎ በሚያቀርቡት ገጽ ላይ ያስፍሩ። ከዚያ በፊትም መምህርዎን ቀርበው፣ ያልተሳካ ሙከራን በግልጽ መጻፍ ማርክ ያስቀንስ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቋቸው።