ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ፦ ከቤቱ በፊት የእናትዎ ጉዳይ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቤታችንን በ2014 በ385,000 ዶላር ገዛን። ቤዝመንቱን በ35,000 ዶላር አሠርተናል። ኤጀንቱ አሁን 640,000 ያወጣል ይላል። እኔ ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ሁለታችንም ዜጎች ነን። ኑሮው ግን አልገፋ አለን። ባለቤቴ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ አጠገብ አዲስ የሚሠራ ቤት አይቶ ቀብድ ልክፈል እያለ ነው፤ እዚያ በደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ የለም ይላል። ሞርጌጃችን 2.9 በመቶ ስለሆነ እሱን ጥሎ መሄድ ያንገበግበኛል። ሸጠን እንሂድ፣ አከራይተን እንሂድ ወይስ እንቅር? ልጃችን 11ኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው። እናቴም አብራን ናት። ዕድሜዋ 71 ነው፤ ከ7 ዓመት በፊት በግሪን ካርድ አምጥቻት ነው። የኩላሊት ሕክምናዋን በሜዲኬይድ ትከታተላለች።»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ ስለ ቤት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን የመጨረሻው መስመር ነው። ስለዚህ ከእናትዎ እንጀምር።

ሜዲኬይድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ እንደ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ከሰው ጋር አይጓዝም። ገንዘቡን የፌዴራል መንግሥትና ስቴቱ ይጋሩታል፤ ማን ይገባል ማን አይገባም የሚለው ግን በብዙ መልኩ በስቴቱ እጅ ነው። እናትዎ ቴክሳስ መኖር ሲጀምሩ የሜሪላንዱ ያበቃል። እዚያ እንደ አዲስ ያመለክታሉ። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ሜሪላንድ በግሪን ካርድ 5 ዓመት የሞላውን ሰው ገቢውና ጥሪቱ ዝቅተኛ ከሆነ ይቀበላል። ቴክሳስ ግን ከ5 ዓመቱ በተጨማሪ 40 የሥራ ክሬዲት ይጠይቃል፤ ማለትም 10 ዓመት ታክስ የተከፈለበት ሥራ። የትዳር ጓደኛ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። የልጅ አይቆጠርም። እርስዎ በድርብ ሺፍት ሠርተው የከፈሉት ታክስ ለእናትዎ አንድ ክሬዲት አያመጣም። ፍትሐዊ ነው አልልም፤ ደንቡ ግን ይኸው ነው። (በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡ ሰዎች የሚታዩት በሌላ ደንብ ነው። የጎረቤትዎ እናት ቴክሳስ ላይ አገኙ ቢባል ምናልባት በዚያ በኩል ይሆናል።)

ሜዲኬርን፣ ለአረጋውያን የሚሰጠውን የፌዴራል የጤና መድን፣ መግዛት ይቻላል። ዕድሜው 65 ያለፈና ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት በተከታታይ የኖረ ሰው መግዛት ይችላል። ነገር ግን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ለሆስፒታሉ ክፍል ብቻ በወር ከ500 ዶላር በላይ ይከፍላል። የሐኪሙ ክፍል ለብቻው ነው፤ መድኃኒቱም ለብቻው። ከቤት ወጪ ለማምለጥ ሄዳችሁ ሌላ ወጪ ውስጥ ትገባላችሁ።

መውጫው ዜግነት ነው። እናትዎ ዜጋ ከሆኑ የ40 ክሬዲቱ ጥያቄ ይቀራል። ገቢና ጥሪት ከሌላቸው ለኤስኤስአይ (ለችግረኛ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ ለሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ) ማመልከት ይችላሉ፤ ቴክሳስ ደግሞ ኤስኤስአይ ለሚቀበል ሰው ሜዲኬይዱን አብሮ ይሰጣል። 5 ዓመቱን አልፈዋልና ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ማስገባት የሚችሉት ዛሬ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፓስፖርታቸውን ገልጠው ይዩ። ባለፉት 5 ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ አገር ቤት ሄደው ከ6 ወር በላይ ቆይተው ከሆነ የተከታታይ ነዋሪነታቸው ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ፎርሙን ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

እንግሊዝኛውስ? በዕድሜ ምክንያት ከቋንቋ ፈተና ነፃ የሚሆነው ዕድሜው 55 አልፎ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ፣ ወይም 50 አልፎ 20 ዓመት የኖረ ሰው ነው። እናትዎ 7 ዓመታቸው ነው፤ አይደርሱም። ስለዚህ ወይ ይማራሉ፣ ወይ ሐኪማቸው ኤን-648 የሚባለውን ፎርም ይሞላላቸዋል። ፎርሙ የሚያገለግለው መማርን ወይም ማስታወስን የሚከለክል ሕመም ካለ ብቻ ነው። እርጅና ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ አለመማርም ብቻውን አይሆንም። ፎርሙን በደንብ የሚሞላው ለዓመታት ሲያክማቸው የቆየው ሐኪም ነው። እሱ ያለው ሜሪላንድ ነው።

ፋይሉ እየታየ ብትሄዱ ማመልከቻው አይሰረዝም። ከባልቲሞር ቢሮ ወደ ዳላስ ይዛወራል፤ ቀጠሮው ግን ሊጓተት ይችላል። ሄዳችሁ ማመልከት ከመረጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ 3 ወር ቴክሳስ መኖር ይጠበቅባቸዋል። በሁለቱም መንገድ እናትዎ አድራሻ በቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለባቸው።

አንድ ነገር ሳልጠየቅ ልናገር። «አድራሻዋን ሜሪላንድ ዘመድ ቤት እናድርገውና ትሂድ፣ ማን ያውቃል?» የሚል ምክር ሰው ይሰጥዎታል። አይስሙ። የማይኖሩበትን ስቴት ሜዲኬይድ መጠቀም ማጭበርበር ነው። ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ የዕዳም የመልካም ጠባይም ጉዳይ ሆኖ ይመጣል። ዘመድ ዘንድ በእውነት ከቀሩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሕጋዊ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። 385,000 ላይ የቤዝመንቱን 35,000 ይጨምሩ፤ 420,000። በ640,000 ቢሸጥ ትርፉ 220,000 ነው። (የቤዝመንቱን ደረሰኞች ካልጣሉ ማለቴ ነው።) ካለፉት 5 ዓመታት ቢያንስ 2ቱን የኖራችሁበት ዋና ቤታችሁ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት አብራችሁ ስትሞሉ እስከ 500,000 ዶላር ትርፍ ከፌዴራል ታክስ ነፃ ነው። ዛሬ ብትሸጡ በትርፉ ላይ አትከፍሉም።

አከራይታችሁ ብትሄዱ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። 5 ዓመቱ የሚቆጠረው ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ ነው። ከወጣችሁ 3 ዓመት ካለፈ ነፃነቱ ይጠፋል። 220,000 ላይ በ15 በመቶ ስናሰላው የፌዴራሉ ብቻ 33,000 ዶላር ነው፤ ሜሪላንድም የራሷን ትጠይቃለች። በ3 ዓመቱ ውስጥ ብትሸጡ እንኳ በኪራዩ ጊዜ ለቤቱ እርጅና የሚታሰበው ቅናሽ ተመልሶ ታክስ ይከፈልበታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም ጣጣ አለው። ለማከራየት በየዓመቱ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ለተከራይ የ2 ዓመት ውል የመምረጥ ዕድል መስጠት ግዴታ ነው፤ ሲታደስም እንደዚያው። አንድ ጊዜ እንኳ ከታደሰ የ3 ዓመቱ ገደብ እንዴት እንደሚያልፍ ይታይዎት። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ያለውን ቤት ለመሸጥ ሲነሱ ተከራዩ አስቀድሞ የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል። ቤቱ የመኖሪያ ቤታችሁ መሆኑ ሲቀር በየዓመቱ የሚጨምረውን የታክስ ግምት የሚገድበው ጥቅም ይቀራል። ኢንሹራንሱም ወደ አከራይ ዓይነት መቀየር አለበት። ሳይቀይሩ ቧንቧ ቢፈነዳ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል።

እንግዲህ 2.9 በመቶው የሚያንገበግብ ቢሆንም እሱን ይዞ ለመቆየት ሲባል ብቻ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ርቀት አከራይ መሆንን አልመክርም። ካከራያችሁም የምትሸጡበትን ቀን ዛሬ ወስኑ።

ባለቤትዎ ስለ ቴክሳስ ያሉት ትክክል ነው። በደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ የለም። እዚህ የስቴቱና የካውንቲው ተደምሮ ታክስ ከሚከፈልበት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ወደ 8 ዶላር ይወስዳል። ይህ ቀላል አይደለም። ግን በዳላስ ዙሪያ ብዙ ቦታ ፕሮፐርቲ ታክሱ የቤቱን ዋጋ 2 በመቶ ይጠጋል። አዲስ ቤት ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ ያታልላል። ግምቱ ባዶ መሬት እያለ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ይገመትና የወር ክፍያው ድንገት ይዘላል። ለዋና መኖሪያ ቤት የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ ማመልከት አይርሱ። ግምቱ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር የሚያደርገው እሱ ነው። በአዲስ ሰፈሮች ላይ ለመንገድና ለውሃ የሚከፈል ልዩ ታክስ መኖሩን፣ ኤችኦኤውን (ለሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈለውን) እና የበረዶ ጉዳት ኢንሹራንሱን አስቀድመው ይጠይቁ። በረዶ ጣሪያ ሲሰብር ከኪስዎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዶላር ሳይሆን በቤቱ ግምት በመቶኛ ነው።

የነርስ ፈቃድዎ ብዙ አያስቸግርም። ሁለቱም ስቴቶች በጋራ ፈቃዱ ስምምነት ውስጥ ናቸው። በገቡ በ60 ቀን ውስጥ ለቴክሳሱ ያመልክቱ።

ልጁ ግን ያሳስባል። ዩኒቨርሲቲ በነዋሪ ዋጋ ለመማር ሁለቱም ስቴቶች 12 ወር መኖርን ይጠይቃሉ። በዚህ ክረምት ብትሄዱ የሜሪላንዱን ያጣል፤ የቴክሳሱን 12 ወር ደግሞ በሳምንታት ልዩነት ቢደርስ ነው። መሃል ላይ ከወደቀ በውጭ ስቴት ዋጋ ይከፍላል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። አንድ ዓመት ቆዩ። የእናትዎን ኤን-400 በዚህ ወር አስገቡ። ልጁ 12ኛን እዚህ ይጨርስ። በዚያ ጊዜ የእናትዎ ወረቀት ካለቀ ቤቱን ሸጣችሁ ሂዱ። ካላለቀ ደግሞ ከእናንተ አንዳችሁ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ሥራ ብትይዙ እንኳ ቤቱና እናትዎ እዚህ ይቆዩ።

የሚያጣድፈው የባለቤትዎ ቀብድ ብቻ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከግለሰብ ቤት ሲገዙ በውሉ ላይ ለጥቂት ቀናት የመውጣት መብት መግዛት የተለመደ ነው። የግንባታ ኩባንያዎች ውል ግን ብዙ ጊዜ ይህ የለውም፤ ቀብዱም አይመለስም። እኔ ፈቃዴ የሜሪላንድ ስለሆነ ያንን ውል የቴክሳስ ጠበቃ ይይላችሁ። ባለቤትዎ ገና ካልፈረሙ፣ እስኪታይ ድረስ ቼኩ ከቤት አይውጣ።