የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት የባሕር ኮራል ማሳደግ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በቅርቡ አራት ዓመት የሞላውን ልጃችንን ባልቲሞር ወደሚገኘው ናሽናል አኳሪየም ወስደነው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ሲነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዓሣዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ሆኗል። ባለቤቴ የንጹሕ ውኃ ዓሣ ይበቃዋል ይላል፤ እኔ ግን ልጁ የወደደው ኮራሉንና ብርቱካናማዋን ዓሣ ስለሆነ የጨው ውኃውን መሞከር እፈልጋለሁ። የጠየቅሁት ሻጭ ለጀማሪ ባለ 10 ጋሎን ገንዳ እንደሚቀልና በሳምንት ውስጥ ዓሣ ማስገባት እንደሚቻል ነግሮኛል። እውነት ነው? ለልጁስ አደጋ የለውም? እርሱ ራሱ ሊሠራው የሚችል ነገርስ ይኖራል? ለኢትዮጵያ ገና ደግሞ ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ለመሄድ አስበናል።
የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሻጩ የሰጠዎትን ሁለቱንም ምክሮች ባይቀበሉ ይሻላል።

የጨው ውኃ ገንዳ ባነሰ ቁጥር ለመጠበቅ ይከብዳል። ውኃ በየቀኑ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ ውኃው በጎደለ መጠን የቀረው ይበልጥ ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል። ከ10 ጋሎን፣ ማለትም ከ38 ሊትር ገደማ ውኃ ላይ 2 ሊትር ቢተን፣ ከሺህ 35 እጅ የነበረው የጨው መጠን ወደ 37 ይጠጋል፤ ያው 2 ሊትር ከ40 ጋሎን፣ ማለትም ከ150 ሊትር ላይ ቢጎድል ግን ለውጡ ከግማሽ ነጥብ አያልፍም። ሙቀቱም ሆነ ዓሣው የሚጥለው ቆሻሻ እንዲሁ በትንሽ ውኃ ውስጥ ቶሎ ያይላል። የአራት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ቀን ትኩሳት ይመጣል፣ ሌላ ቀን ከትምህርት ቤት ይደወላል፣ ውኃው ሳይታይ ሁለት ቀን ያልፋል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ቢዘነጋ የማይናጋ መጠን ያስፈልግዎታል። የእኛ ምርጫ 40 ጋሎን ነው።

የዚህ መጠን ዋጋው ክብደቱ ነው። የባሕር ውኃ ከንጹሕ ውኃ ጥቂት ስለሚከብድ ውኃው ብቻውን ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመርበት ከ200 ኪሎ ያልፋል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም። ለገንዳ ተብሎ የተሠራ መቆሚያ ይግዙ፤ ቅርጹም ረጅምና ጠባብ ከሚሆን ይልቅ ዝቅና ሰፋ ያለ ይሁን፤ መቆሚያውን ደግሞ ከግድግዳው ጋር በማያዣ ያስሩት፤ ምክንያቱም ልጁ አንድ ቀን ሊንጠላጠልበት መሞከሩ አይቀርም። የሚኖሩት በኪራይ አፓርታማ ከሆነ ገንዳ የሚከለክሉ ውሎች ስላሉ አስቀድመው ውልዎን ያንብቡ። ሶኬቱ ጂ ኤፍ ሲ አይ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውኃ ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቋረጠው ዓይነት መሆን አለበት። እያንዳንዱ ገመድም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ እንዲህ ከሆነ ገመዱን ይዞ የሚወርደው ጠብታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይዘልቅም።

ወደ ውኃው እንምጣ። የቧንቧ ውኃ ለእኛ የሚጠጣ ቢሆንም ለኮራል አይሆንም፤ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ይኖረዋል፤ ከቱቦው የሚመጣው ጥቂት መዳብ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይገድላል፤ ፎስፌቱ ደግሞ አልጌ ያበቅላል። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን ውኃውን በማሳደር ብቻ የሚጠፋ አይደለም። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ ከአኳሪየም መደብር በጋሎን ይሸጣል፤ ማጣሪያውን ቤትዎ መትከልም ይችላሉ። በዚህ ውኃ ላይ ለኮራል የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ አድርገው ይበጠብጣሉ፤ መጠኑንም ሪፍራክቶሜትር በሚባለው መሣሪያ ያረጋግጣሉ። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ «በሳምንት ውስጥ» የሚለው ምክር ዓሣ የሚፈጀውም እዚህ ላይ ነው። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ በመጠኑ ያለ ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፤ ውኃ ሲቀየርም ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ ተራብተው ሥራውን እስኪችሉት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዓሣ የሚገባው ባክቴሪያዎቹ እነርሱን ለመመገብ የሚጨመረውን አሞኒያ እየዋጡ የአሞኒያውም የናይትራይቱም ልኬት ዜሮ ላይ ሲቆም ነው።

ይህን ያህል ጊዜ ለአራት ዓመት ልጅ ዘላለም መስሎ ቢታይዎት አይገርመንም፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ለእርሱ የሚሆን ሥራ አለ። የአሞኒያ መለኪያው ጠብታ ከገንዳው የተቀዳውን ጥቂት ውኃ ቀለም ሲያስለውጠው ከካርዱ ላይ የሚመሳሰለውን ቀለም የሚፈልገው ልጁ ይሁን፤ ጠብታውን የሚያንጠባጥቡት ግን እርስዎ ነዎት፤ አንዳንዱ ፈሳሽ አሲድ ነውና። ድንጋዩን ደረቅ ሳይሆን ከባሕር ፍጡራኑ ጋር የሚሸጠውን «ላይቭ ሮክ» ካደረጉት ደግሞ ማታ መብራት አጥፍታችሁ በቀይ ባትሪ ተመልከቱት፤ ቀን ባዶ ይመስል ከነበረው ድንጋይ ላይ የጤፍ ፍሬ የማያህሉ፣ ኮፔፖድ የሚባሉ የሽሪምፕ ዘመዶች በመስታወቱ ላይ ሲሯሯጡ፣ ከቀዳዳው ደግሞ ጸጉራም ትል አንገቱን ሲያወጣ ታያላችሁ። ትሉን በእጅ አይነኩትም፤ ጸጉሩ ቆዳ ላይ ተሰብሮ ይቀራል፣ ያቃጥላልም። ብዙ ሰው ዓሣው ከገባ በኋላ እንዲህ ያለውን ነገር ማየት ይተዋል፤ በእኛ አስተያየት ከወራቱ ሁሉ ለልጅ የሚጥመው ይኸኛው ነው።

የዕለት ሥራም አለው። ከገንዳው ውጪ የውኃው ልክ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ይለጥፉ፤ ልጁ በየጧቱ ውኃው ከፕላስተሩ መውረዱን ይንገርዎት፤ እርስዎም የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ይሙሉ። ጨው ያለበት የሚጨመረው ውኃ ሲቀየር ብቻ ነው፤ ይህም በሳምንት ከጠቅላላው አሥር በመቶ፣ ለእርስዎ 15 ሊትር ገደማ ነው። ምግቡን በተመለከተ ዕቃውን ለልጅ ከሰጡት በአንድ ጊዜ ይደፋዋል፤ የተረፈው ምግብ ደግሞ መልሶ አሞኒያ ይሆናል። አረጋውያን መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡባትን ሰባት ክፍል ያላት ሳጥን ገዝተው እሑድ ማታ የየቀኑን ምግብ ይክፈሉባት፤ ልጁ የዕለቱን ክዳን ከፍቶ ያንኑ ብቻ ይጨምር። መስታወት የሚያጸዳውን ማግኔት ግን አይስጡት፤ ወደ አሸዋው ዝቅ ሲል አንዲት ቅንጣት ከመሃል ትገባና መስታወቱን ለዘለቄታው ትቧጭረዋለች።

ስለ ዓሣው ልጅዎ ጥሩ መርጧል። ነጭ መስመር ያላት ብርቱካናማዋ ክላውንፊሽ ዛሬ በብዛት የምትራባው በማራቢያ ቤት ስለሆነ ከባሕር የተያዘችውን መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ትንንሾችን በአንድነት ያስገቡ። ክላውንፊሽ ሁሉ መጀመሪያ ወንድ ነው፤ ከሁለቱ የበላይ የሆነው አድጎ ሴት ይሆናል፤ እርሷ ብትሞት ወንዱ በተራው ሴት ይሆናል። ልጁ «እናትየዋ የትኛዋ ናት?» ሲልዎ ትልቋን ያሳዩት። በተፈጥሮ የሚኖሩባትን፣ አኔሞን የምትባለውን አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ግን ገንዳው አንድ ዓመት እስኪሞላው ያቆዩት፤ ቦታዋን ካልወደደች እየተንፏቀቀች ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ውስጥ ትገባለች፤ ክላውንፊሽ ያለ እርሷም ደህና ይኖራል። ልጅዎ ሰማያዊዋንም መጠየቁ አይቀርም። ብሉ ታንግ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትደርስና ረጅም መዋኛ የምትፈልግ ስለሆነች ለ40 ጋሎን አትሆንም፤ እዚህ ላይ «አይሆንም» ይበሉት።

ኮራል እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን የሚሠሩትን ምግብ ያካፍሉታል፤ ለዚህ ነው ለኮራል የተሠራ ኤል ኢ ዲ መብራት የሚያስፈልገው። ለጀማሪ የሚስማሙት ለስላሳዎቹ ናቸው፦ የእንጉዳይ ኮራል፣ የቆዳ ኮራል፣ ሌሎች አሳዳጊዎች ከራሳቸው ገንዳ ቆርጠው የሚሸጡት «የኬንያ ዛፍ» የሚባለው። አጥንት የሚሠሩት ጠንካራ ኮራሎች ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) በየጊዜው መለካት ይጠይቃሉ፤ ለሁለተኛው ዓመት ይቆዩ።

አንድ ዓይነት ግን ልጅ ባለበት ቤት ከቶ እንዳይገባ አጥብቀን እንመክራለን። ዞአንቲድ በሚባሉት ኮራሎች፣ በተለይም ፓሊቶዋ በተባለው ዝርያ ውስጥ ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ ሊገኝ ይችላል፤ በተፈጥሮ ከሚታወቁት መርዞች እጅግ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው። ችግሩ የሚሸጡት ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በርካሽና በሚያማልሉ ቀለሞች መሆኑ ነው። መርዙ በተቆረጠ ቆዳ፣ በዓይንና በትንፋሽ ይገባል፤ ሙቀትም አያጠፋውም። ድንጋይ ለማጽዳት ብለው ያፈሉና እንፋሎቱን የሳቡ ቤተሰቦች ሆስፒታል የገቡባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ስለዚህ ከገንዳ የወጣ ድንጋይ በምንም ምክንያት አይፈላም፣ በደረቁ በብሩሽም አይፈተግም። ድንጋይ ሲገዙ ላዩ ላይ እንደ ቁልፍ የተደረደሩ ክብ ፖሊፖች (የኮራሉ ነጠላ አካላት) ካዩ አይውሰዱት።

የቀረው አደጋ ከገንዳው ውስጥ ይልቅ ከዙሪያው ነው። ጨው የሚበጠበጥበት ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ለሕፃን የመስጠም አደጋ እንዳለው በአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ባለሥልጣናት ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ፤ በጭንቅላቱ ዘንበል ብሎ የገባ ልጅ መልሶ መውጣት አይችልም። ጠባብ አፍና የሚቆለፍ ክዳን ያለው ዕቃ ይጠቀሙ፤ ውኃ በሚቀይሩበት ሰዓት ልጁ ሌላ ሰው ዘንድ ይሁን። ጨዉ፣ የመለኪያው ፈሳሽና በተለይም ለጠንካራ ኮራሎች ካልሲየም ለመጨመር የሚውለው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጡ። ልጁ ከቀመሰ በስልክ 1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከልን ያነጋግሩ፤ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን 911 ይደውሉ። እጅ በውኃው ውስጥ ካለፈ በኋላ በሳሙና ይታጠባል፤ ቁስል ያለበት እጅ አይገባም። እጅ ላይ ለሳምንታት አልድን ያለ እብጠት ከወጣ ለሐኪሙ የዓሣ ገንዳ እንዳለዎት ይንገሩት፤ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ቁስል ስለሚያመጣና ይህ ካልተነገረው ሐኪም ላይገምተው ስለሚችል ነው።

ለጉዞው፣ ዓሣ ሦስት ሳምንት ያለ ምግብ አይቆይም፤ ውኃውም በየቀኑ መጉደሉን አያቆምም። የጎደለውን ራሱ የሚሞላ መሣሪያ አለ፤ መሣሪያውን ግን ከመሄድዎ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይትከሉት፤ በሄዱበት ሳምንት ተከፍቶ ቢቀር ገንዳው በንጹሕ ውኃ ይጥለቀለቃልና። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ የሚሰጥ ጎረቤት ካላገኙ ገንዳውን ከጉዞው ሲመለሱ ይጀምሩት። ወጪውን በተመለከተ ከ1,000 ዶላር በታች አያስቡ፤ ይህ ከበዛብዎ ባለቤትዎ ያሉት የንጹሕ ውኃ ዓሣ የሚናቅ ምክር አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ለሰባት ዓመት ልጄ የባሕር ዓሣ ገንዳ ልሠራላት አስቤያለሁ። የውጪው ጨው ውድ ስለሆነ ከአፍዴራ የሚመጣውን ጨው በልኩ በጥብጬ ብጠቀምስ?
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይሆንም። ገበያ ላይ ያለው ጨው በአመዛኙ ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ አዮዲንም ይጨመርበታል። የባሕር ውኃ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዢየምና 0.4 ግራም ገደማ ካልሲየም፣ ከእነዚህም ሌላ ብዙ ማዕድናት አሉት፤ እነዚህ በሌሉበት ኮራል አይኖርም። ከጨዉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን መብራት መጥፋቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ጨው ያለበት ውኃ ደግሞ ከንጹሑ ያነሰ ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም የባሕር ዓሣዎ የሚታገሠው ጊዜ አጭር ነው። ለልጅዎ ጉፒ የሚባለውን ትንሽ የንጹሕ ውኃ ዓሣ ይጀምሩላት፤ እንቁላል የማይጥል፣ ልጆቹን በሕይወት የሚወልድ ዓሣ ስለሆነ የምታየው ነገር አያጣትም። ለዚያም ቢሆን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው ቀድመው ይግዙ።