ዱካክ ሲጫንህ ወደ ጫት አትመለስ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ፣ 26 ዓመቴ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ባብዛኛው የማታ ሺፍት እሰራለሁ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ 4 ዓመት ጫት ስቅም ቆይቼ አሁን ካቆምኩ 12 ቀን ሆነኝ። ካቆምኩ ወዲህ ግን ዱካክ ሊገድለኝ ነው። ዓይኔ ተገልጦ ያያል፣ እናቴ ጓዳ እቃ ስታጥብ ይሰማኛል፣ ግን እጄም አይንቀሳቀስ ምላሴም አይላወስ፣ የሆነ ጥቁር ነገር ደረቴ ላይ ቁጭ ብሎ ያንቀኛል። እናቴ ጅኒ ነው ብላ ትራሴ ስር ቢላ አስቀምጣልኛለች። ጓደኞቼ ደሞ ትንሽ ቃም ይለቅሃል ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። አላበድክም፣ ዱካኩም አይገድልህም። እኔም ኢንተርን እያለሁ ከ2 ሌሊት ዲዩቲ በኋላ ጋደም ባልኩበት ነርሷ በሩን እያንኳኳች ስትጠራኝ እየሰማሁ አንድ ጣት ማንሳት አቅቶኝ ያውቃል፣ ፍርሃቱን ስለማውቀው ነው በደንብ ላስረዳህ የፈለግኩት።

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፣ በየ90 ደቂቃው ገደማ ዑደቱን እየጨረሰ እንደገና ይጀምራል። በዚህ ዑደት ውስጥ ዓይናችን ከቆቡ ስር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበትና ህልም የሚበዛበት ጊዜ አለ፣ ሳይንሱም ይሄን ለይቶ የጻፈው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሩቅ አይደለም። በዚህ ሰዓት አንጎላችን ሰውነታችንን አስሮ ይይዘዋል፣ በህልምህ ስትሮጥ ተነስተህ ግድግዳ እንዳትመታ። ዱካክ ማለት አንተ ነቅተህ ማሰሪያው ገና ሳይፈታ ሲቀር ነው። ህልሙም ስላላለቀ ክፍልህ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ይደረባል፣ ጥቁሩ ነገር ከዛ ነው የሚመጣው። ደረትህን የሚከብድህ ደሞ የጎድን አጥንት መሃል ያሉት ጡንቻዎችም ስለሚዝሉ ነው፣ በረጅሙ ልተንፍስ ስትል እምቢ ይልሃል፣ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ከሳንባ ስር ያለው ግን ስራውን አያቆምም፣ አየር አይቋረጥብህም። ከ100 ሰው 8 የሚሆነው በዕድሜው አንዴ እንኳ ያየዋል።

ታዲያ ለምን አሁን በረታብህ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ነገር የህልሙን እንቅልፍ ያፍነዋል፣ ስታቆም አንጎል 4 ዓመት የተከለከለውን በአንዴ ልካስ ይላል፣ ህልሙ ይበዛል ይከብዳል። ለዚህ ነው ትንሽ ስትቅም የሚለቅህ፣ ጓደኞችህ እዚህ ላይ አልዋሹም፣ ግን የለቀቀህ መስሎህ ወደ ዜሮ ትመለሳለህ፣ ስንቱ ሰው በዚህች ሰሞን ነው እኮ ወደ በርጫው የሚመለሰው! በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፣ 12 ቀን ቀላል አይደለም ወንድሜ። ወዳጃ ላይ፣ ሰፈሩ ለዱዓ በሚሰበሰብበት፣ ተገኝ፣ ዱዓውና ቡናው ይበቃሃል፣ አባቶች ጫት ሲያቀርቡልህ ትቻለሁ ማለት ነውር የለውም። በአረቄ ልርሳው ወይ ከመድኃኒት ቤት ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋ ኪኒን ልግዛ እንዳትል ደሞ፣ ከአንዱ ሱስ ወደ ሌላው ነው የሚወስድህ።

ሌላው የሺፍቱ ነገር ነው፣ የተዛባና ያነሰ እንቅልፍ ራሱ ዱካክ ይጠራል። ጠዋት 1 ሰዓት ከስራ ወጥተህ ቤት ስትገባ እናትህ ቡና አፍልታ ከጠበቀችህ እና እስከ በረካ ጠጥተህ ከተኛህ፣ ከጠጣህ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ደምህ ውስጥ አለ፣ ላዩ ላይ የኮምቦልቻ ሙቀት፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ የባጃጅ ጥሩንባ፣ እንዴት እንቅልፍ ይሆናል? ቡናው ከሰዓት ስትነሳ ይፈላልህ። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርደው፣ ከቻልክ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተኛ፣ 7 ሰዓት ሙላ። በጀርባህ አትተኛ፣ በጎንህ ተኛ፣ በጀርባ የተኛ ሰው ላይ ነው የሚበዛው። ሲይዝህ ደሞ አትታገለው፣ ትንፋሽህ ላይ አተኩርና አንድ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክር፣ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው።

ግን ቀን ላይ ሳታስበው እንቅልፍ ከጣለህ ወይ ስትስቅ ጉልበትህ የሚከዳህ ከሆነ፣ እያንኮራፋህ ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል ካሉህ፣ ወይ ተኝተህ ተንዘፍዝፈህ ምላስህን ነክሰህ ከተነሳህ ይሄ ሌላ ነገር ስለሆነ ሐኪም ይይህ። ጫት ያቆመ ሰው ሊከፋውም ይችላል፣ መኖር ካስጠላህ ግን ቀን ሳትቆጥር ያንኑ ቀን ሆስፒታል ሂድ።

እናትህን ደሞ አትቆጣት፣ ዱዓ ታድርግልህ፣ ልብ ሲረጋጋ እንቅልፍም ይረጋጋል። ቢላውን ግን አውጡት፣ ስትገላበጥ ትቆረጣለህ። ከዛ ይልቅ ስታቃስት ከሰማች ስምህን እየጠራች ትከሻህን ነካ ታድርግህ፣ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይለቃል።